«ማን አየኝ?» ላለችው ልጄ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ተመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬ ልካልሻለች፣ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል። በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ አያስቅሽ። በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንቺም ቶሎ ትናደጃለሽ፣ እኔም ልል ያሰብኩት ይጠፋኛል።

እሁድ ማታ ደውለሽ «አባዬ፣ አሸነፍኩ» ስትዪ ድምፅሽ የአሸናፊ አልነበረም። ቦክስ የገጠምሻትን ልጅ በነጥብ ረትተሻታል። ዳኛው ያነሳው ያንቺን እጅ ነው። ግን በየስልኩ የዞረው የሷ ቪዲዮ ሆነ። እየጨፈረች ስትገባ፣ ለካሜራው ጥቅሻ ስትሰጥ። ከአንቺ የሚታየው ጀርባሽ ብቻ ነው። «እኔን ማን አየኝ?» ብለሽ ዘጋሽው። ይኸው ሦስት ቀኔ፣ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበትን የሮም ኦሎምፒክ ታውቂዋለሽ። 1960። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፤ የራሴ ታሪክ ላይ ስደርስ ወደኛው እመለሳለሁ።) እዚያው ሮም፣ አበበ ከመሮጡ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ካሲየስ ክሌይ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ አንድ ልምድ ያለው ፖላንዳዊ አሸንፎ የቦክስ ወርቅ ወሰደ። ኋላ መሐመድ አሊ የተባለው ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በዪልኝ። የዚያ ኦሎምፒክ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ ዋንጫ የተሸለመው እሱ አይደለም። ጣሊያናዊው ኒኖ ቤንቬኑቲ ነው። ቤንቬኑቲም እንዲሁ ቀርቶ አልቀረም፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እስቲ አቃቂ ገበያ መሐል ቆመሽ ስለ ቤንቬኑቲ ጠይቂ! አሊን ግን ቡጢ አይቶ የማያውቀው በግ ነጋዴ ሳይቀር ያውቀዋል።

አሊ እጁ ፈጣን ነበር፣ ይሄ አያከራክርም። ግን በ1961 ላስ ቬጋስ ውስጥ ጎርጀስ ጆርጅ ከሚባል የትግል ተወዳዳሪ ጋር ተገናኘ። ሰውየው ጸጉሩን ተሠርቶ፣ ሽቶ አስረጭቶ የሚገባ፣ ጉራው ጣሪያ የሚነካ ነበር። ግማሹ ተመልካች የሚመጣው ሲሸነፍ ለማየት ነው። አዳራሹ ግን ሞልቷል። አሊ ያንን አይቶ ገባው። እኔ በልጅነቴ ጉራውን እንደ ብልግና ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ልጁ ትኬት እየሸጠ ነበር። በኋላ ደግሞ አፍ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። በ1967 ቬትናም አልዘምትም ብሎ የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶውን ተቀማ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከሪንግ ታገደ። ያኔ ነው ስለ ቦክስ ደንታ የሌለው ሰው ሁሉ ስሙን ያወቀው።

ዝም የሚሉትስ? ኩባዊው ጊየርሞ ሪጎንዶ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው። በ2013 ኒው ዮርክ ላይ የወቅቱን ኮከብ ኖኒቶ ዶኔርን አሸነፈ። ግን የሚቦክሰው ላለመመታት ነው። ይመታል፣ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመታል። ተመልካቹ አዛጋ። ግጥሚያ የሚያዘጋጅለት የገዛ ፕሮሞተሩ ሳይቀር ቴሌቪዥኖቹ እንደማይፈልጉት በአደባባይ ተናገረ። እና ግራኝ ነው። ግራኝነቱን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የእንግሊዙ ፒተር በክሊ ደግሞ 300 ጊዜ ተጋጥሞ 256ቱን ተሸንፏል። እንዳትስቂ። እንግሊዝ አገር በትናንሽ አዳራሾች ትኬት የሚሸጠው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ለጎረቤቱ፣ ለአክስቱ፣ ለሥራ ባልደረባው። ያ ልጅ ማሸነፍ አለበት። እንዲያሸንፍ ደግሞ ድንገት ተደውሎለት የሚመጣ፣ ራሱን መከላከል የሚችል፣ ቶሎ የማይወድቅ ሰው ያስፈልጋል። በክሊ ያ ሰው ነበር። የእንግሊዙን ኮከብ ቦክሰኛ ፕሪንስ ናሲምን ሁለት ጊዜ ገጥሞታል። አዎ፣ ያ በገመዱ ላይ ተገልብጦ ሪንግ ውስጥ የሚገባውን። የናሲም ስም ሲገነባ ድንጋይ ያቀበሉት እንደ በክሊ ያሉ ሰዎች ናቸው። ግንበኛ ሲባል ግን እነሱን የሚጠራ የለም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው። ቻርሊ በርሊ፣ የአሜሪካዋ ፒትስበርግ ቦክሰኛ። በ1944 አርቺ ሙርን ገጥሞ ደጋግሞ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ በነጥብም አሸነፈው። አርቺ ሙር ኋላ ለዓመታት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ከገጠምኳቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ በርሊ ነው እያለ ኖሯል። በርሊ ግን አንድም ቀን ለዓለም ቀበቶ አልተጋጠመም። ጥቁር ነበር፣ የሚከራከርለት ትልቅ ሰው አልነበረውም፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ወደ ቀበቶ የሚወስደውን መንገድ ማፍያዎች ይዘውት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሒሳቡ አያዋጣም። በርሊን ብታሸንፊው የሚጨመርልሽ ስም የለም። ቢያሸንፍሽ ያለሽም ይጠፋል። ታዲያ ማን ይገጥመዋል? በመጨረሻ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሆኖ ሠራ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ይሄን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

1975 ዓ.ም. ነው፣ በእኛው አቆጣጠር። በፋብሪካችን የቦክስ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን ትተን ግራኙ ነበር የምንለው። ዝምተኛ። ቡጢው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንቺ በለመድሽው በኩል ስትጠብቂ እሱ በዚያኛው መጥቶ ጨርሷል። እሱን የሚገጥም ቀን ሁሉም ይታመማል። አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ጥርሱን። አንድ ቅዳሜ ዕጣው እኔ ላይ ወጣ። ጠዋት ላይ ለአሰልጣኙ ተቅማጥ ያዘኝ አልኩት። አልያዘኝም ነበር። ቁርሴን ፍርፍር በልቼ ነው የመጣሁት።

ተጋጣሚ የሌለው ቦክሰኛ ምን ይሆናል መሰለሽ? ግጥሚያ አይኖረውም። ቡድኑ ወደ ጅማ ሲሄድ አሰልጣኙ ዝርዝሩን አየና «አንተ ልምድ ይጎድልሃል» አለው። እኔ ተመረጥኩ። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ፣ ጓንቴን ደረቴ ላይ አድርጌ የቆምኩበት፣ አንቺ በልጅነትሽ ለጓደኞችሽ እየጠቆምሽ «አባቴ ሻምፒዮን ነበር» የምትዪው፣ እሱ የተነሳው ጅማ ነው።

ግራኙ ዛሬ እዚሁ አቃቂ ጎሚስታ ነው። የመኪና ጎማ ይለጥፋል። ማክሰኞ የታክሲዬን ጎማ ይዤ ሄድኩና ቪዲዮሽን አሳየሁት፣ ያን ጀርባሽ ብቻ የሚታይበትን። ግሪስ የነካውን ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ስልኩን ተቀበለኝ። አንዴ አየና መልሶ ከፈተው። ደግሞ ከፈተው። ጎማው ተረሳ። ወረፋ የሚጠብቀው የሲኖ ሹፌር ጥሩምባ ነፋበት።

«ልጅህ ቀኟን ከሰደደች በኋላ ወደ አገጯ ለመመለስ ትዘገያለች» አለኝ። «ሁለተኛው ራውንድ ላይ አንዴ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እግሯ ግን ጥሩ ነው። ማነው እግር ያስተማራት?»

ስለዚያ ቅዳሜ አላነሳሁበትም። እሱም ምንም አላለኝ። የሚያውቅ ይመስለኛል። ለጎማውም አላስከፍልህም አለኝ፣ አስቀምጬለት ሄድኩ።

ቀጣዩ ግጥሚያሽ የሚሆንበትን ቀን ላኪልኝ። የድሬ ባቡር ትኬት ስንት እንደገባም ጠይቂልን። ሁለት ሰው ነን።

አባትሽ