ልጆቻችን ከአዋቂ ጋር ለምን ይታሰራሉ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በአዋቂ ቅጣት እንዳይቀጣ መደንገጉ ያስመሰግነዋል። 15 ያለፈው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ አይገደድም። ይህ ያሳስበኛል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ገና ፍርድ ቤት ሳይደረስ የሚሆነው ነው። የጎረቤቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። በሞባይል ስርቆት ተጠርጥሮ ሦስት ሌሊት ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ አደረ። እራት ስናቀብለው የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነበር፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳህኑን መያዝ አቃተው። የልደት ምስክር ወረቀት ስላልነበረው እናቱ የክርስትና ካርዱን ይዛ ብትመላለስም የሚሰማት አላገኘችም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በማረሚያ ተቋም ያሉ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። በየጣቢያው ለልጆች አንድ ክፍል ይለይ፤ ዕድሜያቸውም በገቡበት ቀን ይጣራ።

አንድ አንባቢ