የቆርቆሮው ብር የገባበት ጉድጓድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት 24

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ? ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን ብቻ ትንሽ ያመኛል። ምክንያቱን አሁን እነግርሃለሁ።

በቴሌግራም ድምፅ ልልክልህ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። ነገሩ ረጅም ነው። ደግሞ ድምፄን ስትከፍት እማዬ አጠገብህ ናት። "ቤቴ ውሃ ገባ" የሚለውን ከሰማች ከዚያ በኋላ ያለውን አትሰማም፤ ለቅሶ ነው። ስለዚህ ጻፍኩልህ። አንተ አንብበህ አለስልሰህ ንገራት።

ለጣሪያው ቆርቆሮ 400 ዶላር እልካለሁ ብዬህ 150 ብቻ ነው የደረሰህ። ምንም አላልክም። "ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን" ብለህ ዝም። ከምንም በላይ ያሳፈረኝ እሱ ነው። ብሩ የት ገባ ካልከኝ ጉድጓድ ነው የገባው። አባባል አይደለም ጋሼ፤ እውነተኛ ጉድጓድ፣ እቤቴ ወለል ላይ ያለ።

እኛ ሰፈር ያለው ቤት አብዛኛው ምድር ቤት አለው። ቤዝመንት ነው የምንለው። እኔም እንደመጣሁ የኖርኩት ሰው ቤዝመንት ውስጥ ተከራይቼ ነው። ፎቶ ስልክ እማዬ "መስኮቱ ምነው ከራስሽ በላይ ሆነ?" ትለኝ የነበረው ለዚያ ነው። አሁን የራሴን ቤት ስገዛ ደግሞ ቤዝመንቱን ለማቲ አከራየሁት። ስለሱ ነግሬሃለሁ፤ አምና ከጅማ የመጣው ልጅ። የሱ ኪራይ ከሌለ የቤቱን ዕዳ አልችለውም።

ቤዝመንት ከመሬት በታች ስለሆነ ዝናብ ሲበዛ አፈሩ የጠጣው ውሃ ግድግዳውንና ወለሉን ይገፋል። የኛ ግቢ አፈር ደግሞ ሸክላማ ነው፤ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ ቤቱ ሲሠራ ከወለሉ ሥር፣ መሠረቱን ተከትሎ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ጠጠር ውስጥ ይቀበራል። ውሃው በቱቦው አድርጎ ጥግ ላይ ወዳለ አንድ ጉድጓድ ይመጣል። ጉድጓዱን እንደተቀበረ የፕላስቲክ በርሜል አስበው፤ ስፋቱ ግማሽ ሜትር አይሞላም፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ ሳምፕ ፓምፕ የሚባል ነገር ይቀመጣል። ውሃው ከፍ ሲል ራሱ ይነሳና ወደ ውጭ ይተፋዋል።

አንተን ማስረዳት ቀላል ነው። የሮቶዋን ኳስ አስብ። የሮቶዋ ኳስ ውሃው ሲሞላ ትዘጋለች። የዚህችኛዋ ሥራ ግልባጩ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ሞተሩን ታስነሳለች። በቃ ይኸው ነው።

ያለፈው ወር፣ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ መብረቅና ዝናብ ሆነ። ከሥራ ገብቼ ገና ዓይኔን ከደን ሳደርግ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማቲ በሩን ደበደበ። "እትዬ፣ ጫማዬ እየዋኘ ነው" አለኝ።

መቀለዱ መስሎኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ ሳይ እውነትም ነጠላ ጫማው ከአልጋው ሥር ወጥቶ ወደኔ እየመጣ ነው። ልወርድ አልኩና ቆምኩ። ግድግዳው ላይ ሶኬት አለ፣ መሬቱ ላይ ማራዘሚያ ገመድ አለ። ደግነቱ የኛ የብሬከር ሳጥን ላይኛው ኮሪደር ላይ ነው። የታችኛውን ቤት በሙሉ አጠፋሁና፣ የበረዶ ቦቲዬን አጥልቄ ወረድኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ይቀዘቅዛል!

ማቲ በስልኩ እያበራልኝ ጉድጓዱን ከፈትኩት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኳሷን ነው። እውነትም በሽቦ የተንጠለጠለችው ኳስ በፓምፑና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ተሰንቅራለች። አንተ ሮቶዋ ላይ ወጥተህ እኔ ከታች ሆኜ በሌሊት ባትሪ የማበራልህ ትዝ ይልሃል? "ወደ እጄ አብሪ እንጂ ወደ ፊቴ አታብሪ!" እያልክ የምትቆጣኝ? ልክ በዚያ ድምፅ ማቲን ስቆጣው ራሴን ሰማሁት።

ኳሷን አላቀቅኳት። ወደ ላይ ሮጥኩና የፓምፑን ብሬከር ብቻ መለስኩ። ተነሳ! ደስታዬ ግን 5 ደቂቃ አልሞላም። ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። የተቃጠለ ሽታ ደረጃውን ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ባልዲ ነው። እስኪነጋ። እሱ ይሞላል፣ እኔ ደረጃውን ወጥቼ ውጭ እደፋለሁ፤ ከዚያ እንቀያየራለን። ወገቤን ያልኩህ እንግዲህ ይኸው ነው።

ይህችን ቀጣዩዋን አንቀጽ ለእማዬ አታንብብላት። በ2013 ነሐሴ መጨረሻ ላይ አይዳ የሚባለው ማዕበል ርዝራዥ እዚህ ደርሶ ሲዘንብ፣ ሮክቪል ውስጥ አንድ ወጣት ልጅ ምድር ቤት አፓርታማ ውስጥ ውሃ ወስዶት ሞተ። ያንኑ ቀን ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ 11 ሰዎች በየምድር ቤታቸው ሞቱ። እማዬ ያኔ ደውላ "ይኼ የሚያወሩት ጎርፍ አንቺ ጋ ነው እንዴ?" ስትለኝ "ኧረ ሩቅ ነው" ብያት ነበር። ሮክቪል ከኔ በመኪና 20 ደቂቃ ነው። እኔም ያኔ የምተኛው ቤዝመንት ነበር። የዚያን ቀኑን ዓይነት ጎርፍ ፓምፕ አይመልሰውም፤ አውቃለሁ። ግን ማቲ የሰው ልጅ ነው፣ እናቱ ደግሞ ጅማ ሆና "ቤቱ ደህና ነው ወይ?" ትለዋለች። ያን ሳምንት ሳሎን ሶፋው ላይ አስተኛሁት።

ጠዋት ኢንሹራንስ ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝና የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የሳምፕ ፓምፕ ውሃን አይሸፍንም፣ ለብቻው ተጨማሪ መግዛት ነበረብዎት አሉኝ። ጎርፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ኢንሹራንስ ነው። ውሉን አውጥቼ ሳነበው እውነታቸውን ነው፤ እንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደል ስለሆነ ዘልዬው ነበር። አሁን ተጨማሪውን ገዝቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ አየና 1,400 ዶላር አለኝ። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ሙያው ነው፣ ባትሪ ያለው መጠባበቂያም ጨምሮ ነው። ግን የለኝም። ማታ ማታ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ቅዳሜ ማቲን ይዤ የግንባታ ዕቃ መደብር ሄድኩ።

እዚያ አንዱ ሻጭ ባለ 1 የፈረስ ጉልበቱን ውሰጂ ብሎ ያዘኝ። ትልቅ ከሆነ ይሻላል ብዬ እኔም ልወስድ ነበር። ማቲ ነው ያስቆመኝ፤ ካርቶኑን ሲያነብ ቆይቶ። ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ ትልቅ ፓምፕ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰውና ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። መነሳትና መጥፋት ነው ሞተርን የሚገድለው። ስለዚህ እንደ በፊቱ ባለ አንድ ሦስተኛ የፈረስ ጉልበት ወሰድን፤ ግን አካሉ ብረት የሆነውን። ኳሷም በሽቦ የምትንጠለጠል አይደለችም፤ ዘንግ ይዛ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣና የምትወርደው። አሁን የት ትሰነቀራለች? ፓምፑ፣ ቱቦው፣ ማጣበቂያው፣ ሁሉም ተደምሮ 250 ዶላር። ከ400 ላይ 150 ቀንስ።

አሮጌውን ስናወጣው ቡናማ አተላ ለብሷል። ሥሩ ጠጠርና አንዲት የልጅ መኪና መጫወቻ ነበሩ፤ በፊት እዚህ ቤት የነበረ ልጅ ይሆናል። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የፈረንጅ 2011 ይላል። 10 ዓመት ከሠራ ጥሩ ነው የሚባልለት ዕቃ ነው፤ እሱን አልፎም ሠርቷል። አተላውን በጭልፋ ቀድተን ጨረስን። አዲሱ ጭቃውን እንዳይስብ ከሥሩ የብሎኬት ቁራጭ አነጠፍንለት።

ቱቦው ነጭ ፕላስቲክ ነው። በመጋዝ ትቆርጠዋለህ፣ ጫፉን በወይን ጠጅ ቀለም ፈሳሽ ታጥበዋለህ፣ ማጣበቂያ ትቀባለህ፣ ከዚያ ሩብ ዙር እያዞርክ ታስገባና 30 ሰከንድ አንቀህ ትይዘዋለህ። ካልያዝከው ቱቦው ራሱን ገፍቶ ይወጣል። ቀለሙ ከእጄ ሳይለቅ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሴቶቹ "እንሶስላ ሞቀሽ ነው? ሰርግ አለ እንዴ?" አሉኝ። አለ አልኳቸው።

ከፓምፑ ከፍ ብሎ ውሃውን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይገባል። እሱ ባይኖር ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ላዩ ላይ ቀስት አለ። ወደ ታች አድርጌ ልለጥፈው ስል ማቲ ጮኸ። እንኳን ጮኸ።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል፤ አንተም ይገርምሃል። አዲሱን ቱቦ፣ ሆን ብለህ፣ ትበሳዋለህ። ከቫልቩ በታች፣ 5 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ። ለምን ብትል፣ ፓምፑ ውስጥ አየር ከታፈነ ሞተሩ ይዞራል እንጂ ውሃ አይገፋም። ቀዳዳዋ አየሩን ታስወጣለች። ስንሞክረው በቀዳዳዋ ቀጭን ውሃ ፊጭ ብሎ የማቲን ሸሚዝ አራሰው። ልጁ "ያፈሳል!" ብሎ በፕላስተር ሊያሽጋት ሮጠ።

አሞካከሩ በባልዲ ነው። ያ ሁሉ ሌሊት የቀዳነውን ውሃ አሁን መልሰን ጉድጓዱ ውስጥ ስንጨምር ሁለታችንም ሳቅን። 3 ባልዲ ምንም። 4 ባልዲ ምንም። ልቤ ወደቀ። አምስተኛው ላይ ኳሷ ቀጭ አለች፣ ፓምፑም እንደ ድመት እየተንኮራፋ ተነሳ። ውጭ ሮጬ ወጣሁ። ውሃው እየተንዶለዶለ ይወጣል።

የት ይወጣል? ከማቲ መስኮት ሥር፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ሳይርቅ! ለካ አሮጌው ፓምፕ ያን ሁሉ ዓመት ያንኑ ውሃ ነው መልሶ መላልሶ ሲቀዳ የኖረው። ከግድግዳው ሥር ይደፋዋል፣ አፈሩ ይጠጣዋል፣ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። በማግስቱ ሌላ ቱቦ ቀጥዬ 3 ሜትር አርቄ ወደ ሣሩ አወጣሁት። ወደ ሽንት ቤት መስመር መልቀቅ ደግሞ እዚህ ክልክል ነው፤ የጎረቤት ግቢም ውስጥ አይደፋም።

የቀረኝ ባትሪው ነው። ዝናቡ ሲበረታ ዛፍ ሽቦ ላይ ይወድቅና መብራት ይጠፋል፤ ፓምፑ የሚያስፈልግህ ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ጎረቤቴ አሮጊቷ የ2012ቱን፣ በነሱ አቆጣጠር፣ የሰኔ ማዕበል እስካሁን ያነሳሉ። ለቀናት ጨለማ ነበር። በባትሪ የሚሠራውን ሁለተኛ ፓምፕ ኦቨርታይም ሠርቼ እስከ ነሐሴ እገዛለሁ። ከዚያ በፊት ግን የአንተ ቆርቆሮ ይቀድማል፤ ቀሪውን 250 ሰኔ 15 እልካለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ቢደርስልህ ደስ ይለኛል። የእማዬን አልጋ ለጊዜው ከሚያፈሰው ጥግ አርቃችሁታል አይደል?

እማዬ ይህን ሁሉ ስትሰማ "እኛ ውሃ መጣ አልመጣ ብለን ሌሊት እንነሳለን፣ እሷ ብር ከፍላ ትደፋለች?" እንደምትል አውቃለሁ። ልክ ናት። የምመልሰው የለኝም።

ሐምሌ ወደናንተ በምትመጣው ልጅ ልልክላችሁ ያዘጋጀሁት ሻንጣም ቤዝመንት ነበር። የግፊት መለኪያው ካርቶኑ ብቻ ነው የራሰው፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ እኔ ላይ ሞክሬዋለሁ። የልጆቹን ጫማ አድርቄዋለሁ፣ ትንሽ ይሸታል፣ ፀሐይ ላይ አውሉት። የእማዬን ሹራብ ግን ሻጋታ ስለያዘው ጣልኩት። ሌላ እገዛላታለሁ። ምንጣፉንም ቀደን ጣልነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የሮቶዋ ኳስ እስካሁን በላስቲክ ታስራ ነው የምትሠራው? ልኳን ላክልኝ፤ ግማሽ ኢንች ናት ወይስ ሦስት ሩብ? ሻንጣው ውስጥ ቦታ አለ። የዚህ አገር ጥርስ ከዚያኛው ጋር አይገጥምም ካልክ ግን ንገረኝ፣ ብሩን ልላክና መርካቶ ግዛ።

እማዬን ሳምልኝ። ልጆቹንም።

እህትህ ሰናይት