«ቀላል ጉዳት» ያላችሁት የወንድሜ ጣፊያ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ መኪና አደጋ ካሳ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው ትክክል ነው። አንዱ አረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን አንጀቴ አረረ። ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰው ጠበቃ ፍለጋ ከሚንከራተት በሽምግልና ቢጨርስ ይሻለዋል ትላላችሁ። ቀላል መሆኑን ማን አየው? በስንተኛው ቀን?

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ታናሽ ወንድሜ የተሳፈረበትን ባጃጅ አይሱዙ ገጨው። በእግሩ ተነሳ። ደም የለ፣ ስብራት የለ፣ ግራ ጎኑ ላይ ሰንበር ብቻ። ትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ቦታ ፕላን አነሳና «ቀላል የአካል ጉዳት» ብሎ ጻፈ። ሕክምና ቦታም ማስታገሻ ተሰጥቶት ተመለሰ። ሆዱን በአልትራሳውንድ ያየለት የለም።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌ መጣ። በእኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ላይ አቁሞ እምቢ ማለት ነውር ነው። «ልጄ፣ ነፍስህ ተርፋለች፣ ተመስገን በል» አሉት። 8 ሺህ ብር ተቆጠረ። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። እናንተ የምትመክሩትን ነው ያደረገው።

በዘጠነኛው ቀን ገበያ መሀል ወደቀ። ጣፊያው ተሰንጥቆ ሆዱ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል። ጣፊያ ሲመታ ሁልጊዜ ወዲያው አይፈነዳም፤ ቀናት ቆይቶ የሚደማበት ጊዜ አለ። በቀዶ ሕክምና ወጣለት፣ ተረፈ። ግን ጣፊያ የሌለው ሰው ዕድሜ ልኩን ኢንፌክሽን ያሰጋዋል፣ ክትባት ያስፈልገዋል፣ ወባ ይጠናበታል። ወንድሜ ደግሞ እህል የሚገዛው ወደ ዓባይ ቆላ እየወረደ ነበር። ዛሬ አይወርድም። ይሄንን ኪሳራ በአራተኛው ቀን ማን ሊያሰላው ይችል ነበር?

ጠበቃ ያስፈለገን ለዚህ ነው። መጀመሪያ ፍርድ ቤት በር ላይ አንድ ጉዳይ ገዳይ ያዘንና 3 ሺህ ብራችንን በልቶ ጠፋ። ከዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አገኘን። ከገንዘብ በፊት የጠየቀን አደጋው የደረሰበትን ቀን ነው። ለካ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 እንዲህ ያለ የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። እኛ የምናየው ሹፌሩን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ድሃ ነው። ጠበቃው ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ በማን ስም እንደሆነ አጣርቶ ባለቤቱን ከሰሰ። በቁጥር 2081 ሌላ ሰው ቢነዳውም የመኪናው ባለቤት ይጠየቃል። ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም ዛሬውኑ ሊጠየቅ እንደሚችል ቁጥር 2092 ላይ አሳየን። የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃም አስወጣን። ያቺን የፈረምናትን ወረቀት ሲያመጡብን፣ «ዕርቁ ስለ ሰንበሩ ነው እንጂ ስለ ጣፊያው ማንም አልተነጋገረም» ብሎ ተከራከረ። ተፈረደልን። ባለመኪናው ይግባኝ ብሏል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄን ሁሉ ብቻዬን ከየት አመጣው ነበር?

ሽምግልናን አልጠላም። ደም ያደረቀ ሽምግልና በዓይኔ አይቻለሁ። ሆድ ሳይመረመር፣ ወረቀቱን የሕግ ሰው ሳያየው አይፈረም ነው የምለው። ሕጉ ዕርቅን እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የሚያየው። ከፈረሙ በኋላ መመለስ መከራ ነው።

ጠበቃ ውድ ነው ማለታችሁ እውነት ነው። እኛም ቀብዱን የከፈልነው ላም ሸጠን ነው። ግን በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያቃተው ሰው ሳልከፍል በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ማመልከት ይችላል። ይሄን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ለአዲስ አበባ ባለሙያዎች ግማሽ ገጽ ሰጥታችኋል። ከጎጃም አንድ ሰው አልጠየቃችሁም።

የእኛ ስም የሚነሳው ዓባይ በረሃ ላይ መኪና ሲገለበጥ ነው። ይሄን ያህል ሰው ሞተ፣ ይሄን ያህሉ ቀላል ጉዳት ደረሰበት ትሉና ትሄዳላችሁ። ያ ቀላል የተባለው ሰው በሳምንቱ ምን እንደሆነ ተመልሳችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ያን አረፍተ ነገር አርሙት፤ ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። ወንድሜ በስልኩ አንብቦት፣ «እታለም፣ እንግዲያው መፈረሜ ልክ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። እናንተ መልሱለት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ