ስለዚያ ሥዕል ከፍሬም ሠሪው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የጥበብ ገጽ ላይ አንዲት የሐዋሳ ወጣት ሠዓሊ ራሷን የሳለችበትን ሥዕል አውጥታችሁ ነበር። ከጎኑ አምደኛችሁ መሳል ያቃተው ሁሉ «ረቂቅ ነው»፣ ማለትም የነገሩን መልክ እንዳለ የማይቀዳ ሥዕል ነው፣ እያለ ያታልለናል ብለው ጽፈዋል። እኔ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤትና ፍሬም መሥሪያ አለኝ። ያንን ሥዕል ፍሬም ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ የምለው አለኝ።

ሥዕሉ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። እናንተ የክብሪት ቀፎ አሳክላችሁ፣ ያውም በጥቁርና ነጭ አተማችሁት። ጋዜጣው ላይ የሚታየው የተድበሰበሰ ጥላ ነው። እኔ ጋ የመጣው ሌላ ነው። ልጅቷ አቡጀዲ ወጥራ፣ በኮላና በነጭ ቀለም አሰናድታ፣ የዘይት ቀለሙን በብሩሽ ሳይሆን በስፓቹላ፣ በዚያ ጠፍጣፋ የቀለም መለጠፊያ፣ ነው የለጠፈችው። ግራ ጉንጩ ላይ ቀለሙ የጣት ውፍረት አለው። ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና እርጥብ ስለነበር ሱቄ ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ አቆየሁት። ቀኝ ጎኑ ደግሞ እስከ ጨርቁ ድረስ ተፍቋል። የተፋቀው ቦታ ዳር ላይ በከሰል የተሳለ ጆሮ ይታያል። ቁርጥ የራሷ ጆሮ፣ እስከ ጉትቻው ቀዳዳ! መጀመሪያ ፊቷን በደንብ አድርጋ ስላው ነበር፤ ከዚያ አልበቃትምና ፋቀችው። አምደኛው መሳል አትችልም ያሏት ልጅ ይቺ ነች።

«ሥዕሉ ልጅቷን አይመስልም» ለሚለው ደግሞ፣ እኔ የምኖረው በማስመሰል ነው። የሟች ፎቶ ለማስተለቅ የሚመጣ ቤተሰብ ምን እንደሚለኝ ታውቃላችሁ? «ኮት አልብስልን።» ዕድሜውን ሙሉ ኮት ለብሶ ለማያውቅ የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ በኮምፒውተር ከረባት አስሬለታለሁ። ፊቱን አቅልቼ፣ ጠባሳውን አጥፍቼ፣ ከኋላው ፏፏቴ አድርጌለታለሁ። «ቁርጥ እሱን!» ብለው ከፍለው ሄዱ። ክፉ ሥራ ነው አልልም፣ እንጀራዬ ነው። ስለ ሰው ውስጥ የሚነግረኝ ግን ያ ፎቶ ሳይሆን የልጅቷ ሥዕል ነው።

የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንስ መቼ መልክ ለመቅዳት ተጨነቁ? ቅዱሱን ከነሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ነው የሳሉት። ምእመኑም ያንን አይቶ ማን ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከጀርመን ተምሮ ሲመለስ፣ ረቂቅ ሥዕሎቹን የአገራችን አይደሉም ያሉ ነበሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም አለው።

አብስትራክት ኤክስፕሬሽኒዝም የሚባለው፣ ስሜትን በቀለምና በብሩሽ ምት የሚገልጽ የረቂቅ አሳሳል ተወልዶ ያደገበት ኒውዮርክም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዚህ አሳሳል ታዋቂ ሠዓሊዎች አንዱ ቪለም ደ ኩኒንግ፣ ሆላንድ ሮተርዳም ውስጥ ሥዕልን በሥርዓቱ የተማረ ሰው ነው። «ሴት 1» የተባለችውን ሥዕሉን ግን ከ1950 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ሲስል፣ ሲፍቅ፣ እንደገና ሲስል ነው የከረመው። አቋራጭ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይለፋም።

ሁሉም ረቂቅ ሥዕል ግሩም ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሸራ ላይ ቀለም ደፍቶ ሰማይ የነካ ዋጋ የሚጠራም እኔ ጋ ይመጣል። ጀርባውንና ዳርዳሩን ሳይ ይታወቀኛል። የዚህችን ልጅ ሥዕልም ሁሉም አልወደደውም። የምረቃ ፎቶ ይዞ የመጣ አንድ ጎረምሳ ትክ ብሎ አይቶት «ሰውየው ጥርሱን ነው እንዴ የሚያመው?» አለኝ። አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ዓይንም አፍንጫም የሌለው ሥዕል ላይ ልጁ ሰው አየ፣ ሕመሙንም አየ። ማንም አላስረዳው።

አንድ ልመና አለኝ። እንዲህ ያለ ሥዕል ስታወጡ ባለቀለሙ ገጽ ላይ አድርጉት፤ ቁመቱን፣ ወርዱንና የተሠራበትን ነገር ከሥሩ ጻፉ። ፎቶ አንሺያችሁም ፍላሹን አጥፍቶ ከጎን በሚመጣ የመስኮት ብርሃን ያንሳው፤ የቀለሙ ውፍረት የሚታየው ያኔ ነው። አምደኛውም ወደ ሐዋሳ ብቅ ካሉ ሱቄ ይምጡ። ሠዓሊዋ ገና ስላልወሰደችው ሥዕሉ እዚያው አለ።

አክባሪያችሁ
ፍሬም ሠሪው፣ ከሐዋሳ