ስድስተኛው ቡድንም የወሰደው ሩሲያዊ ነው

ይድረስ ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሩሲያ ወጣት የሆኪ ተጫዋቾችና የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ቡድኖች በየዓመቱ ወጣቶችን ተራ በተራ ስለሚመርጡበት ድራፍት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በአማርኛ ስለ በረዶ ሆኪ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ አስደስቶኝ ነበር። ደስታዬ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አለቀ።

እዚያ ላይ ያላችሁት ይህ ነው፦ በ2023 ድራፍት ወጣቱን አጥቂ ማትቬይ ሚችኮቭን ስድስት ቡድኖች ተራ በተራ ያለፉት ሩሲያዊ ስለሆነ ብቻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስድስቱም ፓስፖርቱን ፈሩ፤ ሰባተኛው ፊላደልፊያ ደፈረና ወሰደው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ጀግና አለው፣ ፈሪም አለው። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ስድስተኛው ቡድን የወሰደው ማንን ነው?

ዲሚትሪ ሲማሼቭን። የያሮስላቭሉን ሎኮሞቲቭ ተከላካይ። ሩሲያዊ! የወሰደው አሪዞና ነው። ያው አሪዞና 12ኛው ተራ ሲደርሰው ደግሞ ዳኒል ቡትን ጨመረበት። እሱም ሩሲያዊ፣ እሱም ከዚያው ክለብ። ፍርሃት ማለት ይህ ከሆነ እኔም እንዲህ ልፍራ።

ትንሽ ስህተት ይዞ ነገር ያከራል ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ አይደለችም። የጽሑፋችሁ ጣሪያ በሙሉ የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እሷን ካወጣችሁት ምን ይቀራል? እስቲ ስድስቱን አብረን እንያቸው።

አንደኛ ቺካጎ፣ ኮነር ቤዳርድን ወሰደ። ቤዳርድን ትቶ ሚችኮቭን የሚወስድ ሥራ አስኪያጅ ቢኖር ኖሮ ቺካጎ ውስጥ በሰላም አያድርም ነበር። ሁለተኛ አናሃይም ሊዮ ካርልሶንን፣ ሦስተኛ ኮሎምበስ አዳም ፋንቲሊን፣ አራተኛ ሳን ሆዜ ዊል ስሚዝን ወሰዱ። ኮሎምበስን ልብ በሉልኝ። በ2020 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ለየጎር ቺናኮቭ የሰጠ ቡድን ነው። ሩሲያዊ ፈሪ ነው ልትሉኝ ነው? አምስተኛው ሞንትሪያል ዳቪድ ራይንባከርን ወሰደ። እሺ፣ እዚህ ላይ እንከራከር። ግን ይኸው ሞንትሪያል በዓመቱ፣ ያውም በዚያው በአምስተኛው ተራ፣ ኢቫን ዴሚዶቭን መረጠ። ዴሚዶቭ የየት አገር ልጅ ነው? የየት ክለብ ነበር? የሴንት ፒተርስበርጉ ኤስካ! የሚችኮቭ ክለብ! ስድስተኛውን ነግሬያችኋለሁ።

ታዲያ ልጁ ለምን እስከ ሰባት ወረደ? ለኔ ዋናው ምክንያት ኮንትራቱ ነው። ሚችኮቭ ከኤስካ ጋር እስከ 2025-26 የውድድር ዘመን መጨረሻ የሚያስር ውል ነበረው። ኤንኤችኤልና የሩሲያው ሊግ ኬኤችኤል ደግሞ የዝውውር ስምምነት የላቸውም። እንደ እግር ኳሱ ክለብ ከክለብ ጋር ዋጋ ተነጋግሮ፣ ሒሳብ ዘግቶ ተጫዋች የሚረከብበት መደበኛ መንገድ የለም። ስለዚህ ዛሬ የመረጥከው ልጅ ሦስት ዓመት ላይመጣ ይችላል። ለቡድኑ ሦስት ዓመት ምንም አይደለም። ለሥራ አስኪያጁ ግን ብዙ ነው። ወንበሩ የምትነቃነቅበት ሰው፣ እሱ ከተባረረ በኋላ ለሚመጣው ሰው ኮከብ አያስቀምጥም። በዚያ ሰሞን ፊላደልፊያ ገና ዳንኤል ብሪየርን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ መሾሙ ነበር። ቡድኑን ከሥር ጀምሮ ሊገነባ የገባ ሰው ጊዜ አለው። አሪዞናም አልቸኮለም። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ፣ 5,000 በማይሞላ ተመልካች ፊት የሚጫወት ቡድን ለምን ይቸኩላል?

ሌላም የዘለላችሁት ነገር አለ። ስምምነት ባለመኖሩ፣ በዚያ ድራፍት ደንብ ቡድኑ ከሩሲያ በመረጠው ተጫዋች ላይ ያለው መብት ጊዜው አያልፍም ነበር። ከካናዳ ወጣቶች ሊግ የመረጥከውን ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ካላስፈረምከው ታጣው ነበር። ሩሲያዊው ግን መቼም ይምጣ መቼ ያንተ ነበር። እቁብ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡ ተበላ አይባልም፤ ዘገየበት እንጂ። እናንተ ግን መዘግየትንና መበላትን አንድ አድርጋችሁ ጻፋችሁት።

እኔ ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አይደለም። ዋሽንግተን ታክሲ እነዳለሁ። የዚያ ድራፍት ስምንተኛ ተራ የኛ የዋሽንግተኑ ቡድን የካፒታልስ ነበር። ሰባት ላይ ፊላደልፊያ ሚችኮቭን ሲጠራ ስልኬን ወደ ጋቢናው ወርውሬዋለሁ። አንድ ወንበር! አንድ ተራ ቢቆይ ኖሮ ልጁ ከካፒታልሱ ሩሲያዊ ኮከብ ከአሌክሳንደር ኦቬችኪን አጠገብ ይቀመጥ ነበር። እኛ ራያን ሊዮናርድን ወሰድን፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፉ አልናገርም።

ድራፍቱ ሊደርስ ሰሞን ማታ ላይ ከኤፍ ስትሪት አንድ ሰውዬና ጎረምሳ ልጁን ጫንኩ። ልጁ ሚችኮቭ ሚችኮቭ ይላል። አባትዬው ቱግ አለ። ሩሲያዊ አይታመንም፣ ይወስዱታል፣ ይጠራዋል አገሩ፣ ዋጋ የለውም እያለ እስከ ቤቱ ድረስ ለፈለፈ። ሲወርድ በመስታወት አየሁት። ጀርባው ላይ በትልቁ ስምንት ቁጥር። ከላዩ የኦቬችኪን ስም። ልጁ ወደኔ ዞር ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩለት። ምን እላለሁ?

በዚህ ከተማ ያለ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። ኦቬችኪን በ2004 በአንደኛ ተራ የተመረጠው የት ነው? ኤቭገኒ ኩዝኔትሶቭ በ2010 በ26ኛ ተራ ተመርጦ ሩሲያ፣ ቼልያቢንስክ ተቀምጦ ሲቀር የተወራው ዛሬ ስለ ሚችኮቭ ከሚወራው ምን ይለያል? አይመጣም፣ ቀለጠ፣ ምርጫው ባከነ ተባለ። በ2014 መጣ። በ2018 ካፒታልስ ዋንጫ ሲበላ በጥሎ ማለፉ 32 ነጥብ (ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ) ይዞ ከሁሉም ተጫዋች የበለጠው እሱ ነው። ፒትስበርግን በጭማሪ ሰዓት ያሰናበታት ግብም የሱ ነበረች። ያኔ የሚሳደቡት ሁሉ እኔ አላልኳችሁም ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። አዎ፣ ኩዝኔትሶቭ ኋላ ላይ ወደ ሩሲያ ተመልሷል። ግን ከ10 ዓመት በኋላ ነው፣ ዋንጫውን ካነሳ በኋላ።

በ2025 ሚያዝያ ደግሞ ኦቬችኪን 895ኛ ግቡን አግብቶ የዌይን ግሬትስኪን የኤንኤችኤል የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። በር ላይ የቆመው ማን ነበር? የኒው ዮርክ አይላንደርሱ ኢሊያ ሶሮኪን። በ2014 ተመርጦ በ2020 የመጣ ሩሲያዊ። ያገባውም ሩሲያዊ፣ የተቆጠረበትም ሩሲያዊ። በእናንተ ጽሑፍ ሒሳብ ሁለቱም እዚያ ሜዳ ላይ መገኘት አልነበረባቸውም።

ስጋት የለም እያልኩ አይደለም። አለ። አሌክሳንደር ራዱሎቭ በ2008 ናሽቪል ጋር የአንድ ዓመት ውል እየቀረው ሩሲያ፣ ወደ ኡፋ ሄዷል። ኢሊያ ኮቫልቹክ በ2013 የኒው ጀርሲን 77 ሚሊዮን ዶላር ጥሎ ወጥቷል። ከሁሉ የሚከፋው የኢቫን ፌዶቶቭ ነው። ግብ ጠባቂው በ2022 ከፊላደልፊያ ጋር ፈረመ። በዚያው በጋ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከወታደራዊ አገልግሎት አመለጥክ ተብሎ ተያዘና ወደ ሰሜን ተላከ። ፊላደልፊያ የደረሰው በ2024 ነው። ይህ የእውነት አደጋ ነው። በየካቲት 2022 ደግሞ ሩሲያ ከዓለም አቀፍ ውድድር ታገደች። መልማዮች ልጆቹን ከእኩዮቻቸው ጋር ሲገጥሙ በዓይናቸው ማየት አልቻሉም። በቪዲዮ ብቻ አይቶ ሚሊዮን ዶላር ማውጣት ያስፈራል፤ ይገባኛል። ይህን ብትጽፉ ኖሮ አጨበጭብላችሁ ነበር። አንድ መስመር የለም! ፌዶቶቭ የሚባል ስም እንኳን አልተነሳም። በሚችኮቭ ጉዳይ ላይ የጻፈ ሰው፣ በራሱ በፊላደልፊያ የደረሰውን እንዴት ይረሳል?

በጦርነቱ ምክንያት ሩሲያዊ አይጫወት የሚልም አለ። የቀድሞው የቼክ ግብ ጠባቂ ዶሚኒክ ሐሼክ ይህን በአደባባይ ብሏል። ሰውዬው ያመነበትን ፊት ለፊት ተናገረ። በሐሳቡ ባልስማማም አከብረዋለሁ። የማላከብረው የፖለቲካ ጥላቻውን ጓዳ ደብቆ ነገሩ የስፖርት ሒሳብ ነው የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ሆዴ ልምጣ። ያናደደኝ ነገር ይህን የጻፈው የኛ ሰው መሆኑ ነው። እህቴ ለሠርጌ ልትመጣ ፈልጋ ነበር። የባንክ ደብተሯን፣ የመሥሪያ ቤቷን ደብዳቤ፣ የቤቷን ካርታ ሳይቀር ይዛ ቀረበች። መስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ፋይሏን ገለጥ እንኳን አላደረገም። አትመለሽም አላት። ሠርጌን በስልክ አየች። ዛሬም አዲስ አበባ ናት፣ ዛሬም እዚያው መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እኛን ይቀራሉ ብለው ይመልሱናል። ሩሲያዊውን ይመለሳል ብለው ያልፉታል። የኛ ጋዜጠኛ ደግሞ መስኮቱ ወዲያ ገብቶ ቁጭ ብሎ፣ ፓስፖርት እያየ ሰው ይመዝናል። ምነው?

ያ ሳያንስ የደጋፊዎች አስተያየት በሚለው ሳጥን ውስጥ ከኛ ሰው አንድ እንኳን የለም። ይባስ ብሎ ሆኪ ለሐበሻ ባዕድ ስፖርት ነው የምትል መስመር ጣል ተደርጋለች። ማን ነው የነገራችሁ? ካፒታልስ የሚለማመድበት ሜዳ አርሊንግተን ቦልስተን ውስጥ ነው። በየት በኩል? የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ! ስምንተኛ ፎቅ። በዚህ ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ማን እንደሚሠራ ልንገራችሁ? ልምምዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃ ነው። ልጄን ይዤው እሄዳለሁ። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያያል፤ ፓኳ (የሆኪዋ ጠፍጣፋ ኳስ) መስታወቱን ስትመታ እየዘለለ ይስቃል። እኔ ደግሞ ከጎኔ ከቆመው የወሎ ልጅ ጋር ስለ ሁለተኛው መስመር ተከላካዮች እጨቃጨቃለሁ። ባዕድ ስፖርት! በረዶና ሐበሻ አይተዋወቁም ለሚል ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ክረምት ኦሊምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል።

ሚችኮቭን በተመለከተ ነገሩ በመጨረሻ እንዴት ሆነ? ኤስካ ውሉን ሁለት ዓመት ቀድሞ ፈታለት። በ2024 መጣ። በመጀመሪያ ዓመቱ 26 ግብ አገባ፣ 63 ነጥብ ሰበሰበ። ዴሚዶቭም በ2025 ሚያዝያ ሞንትሪያል ደርሶ በመጀመሪያ ጨዋታው ግብ አግብቷል። ሲማሼቭና ቡትም በዚያው ዓመት ፈርመው መጥተዋል። ቡድናቸው በመሐል አሪዞናን ለቆ ዩታ ገብቶ ስለነበር ያገኙት ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። አስቡት፤ ሩሲያዊው ጠፍቶ ይቀራል ሲባል፣ ከተማዋን ጥሎ የሄደው ቡድኑ ሆኖ ተገኘ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሦስተኛውን አንቀጽ አርሙት። ማረሚያውንም እንደ ለቅሶ ማስታወቂያ ጥግ ላይ አትወሽቁት፤ ጽሑፉ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ይውጣ። የሲማሼቭ ስም በትክክል ይጻፍ። በሚቀጥለው ድራፍት ሰሞን የደጋፊ አስተያየት ስትፈልጉ ደግሞ ቦልስተን ስምንተኛ ፎቅ ውጡ። መንገዱ ከጠፋችሁ ከታች ያለውን ሠራተኛ በአማርኛ ጠይቁት።

አክባሪያችሁ፣
የካፒታልስ ደጋፊ ታክሲ ነጂ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ