ለእማዬ ደውይላት

ሰናይትዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

ለጋሼ ለቅሶ አልደረስኩም። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ፣ እኔ ስልክ እንኳ አልደወልኩልሽም። በቆየሁ ቁጥር አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ቆየሁ። ይቅር በይኝ። "ስትቸገሪ ትዝ አልኩሽ?" ብትይኝ እውነትሽን ነው።

እማዬ ታማለች።

ከፋሲካው ዶሮ ወዲህ ቅባት ያለው ነገር በበላች ቁጥር በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ይወጋት ነበር። ጨጓራ ነው አልን። እኔም የጨጓራ መድኃኒት ገዛሁላት እንጂ ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም። ባለፈው እሑድ ጠዋት በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ቡና ስትለቅም ቀና ብላ አየችኝ። የዓይኗ ነጩ እርድ መስሏል። ማታ ማታ በአምፖል ስንተያይ ምንም አይታወቅም ነበር። ሐሞቴ ፍስስ አለ።

ሌሊት እጇን በማበጠሪያ ጀርባ ስታክ እሰማት ነበር። ቁንጫ መስሎኝ አንሶላውን አጠብኩ። ለካ ሽንቷ እንደ ኮካ ጠቁሮ፣ ሰገራዋ እንደ አመድ ነጥቶ ደብቃኛለች።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ጠጠር ነው። ከሐሞት ከረጢቷ ወጥቶ ዋናው የሐሞት ቱቦ ላይ ተቀርቅሯል። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ይሄንን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፤ ሰገራ መልኩን የሚያገኘውም ከሱ ነው። መውጫው ሲዘጋ ግን ወደ ደም ይመለሳል። ከዚያ በዓይን ይታያል፣ በሽንት ይወጣል።

እማዬ ግን "የወፍ በሽታ ነው፣ ወፍ መርፌ አይወድም" ብላ ድርቅ ብላለች። የጎረቤታችን ልጅ በቅጠል ዳነ ትለኛለች። መዳኑስ እውነት ነው። ልጁ ግን ሲመረመር ሄፓታይተስ ኤ ነበር። እሱ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚመጣ ነው፤ ጉበቱን ያስቆጣል እንጂ ቱቦ አይዘጋም፣ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ምስጋናውን ቅጠሉ ወሰደው። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበት ሊጨርስ ይችላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሁሉ ወፍ ነው ማለታችን ያናድደኛል። ጠጠር በቅጠል አይሟሟም። ቅጠሉ ራሱ ጉበት የሚጎዳበት ጊዜም አለ።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። ሁለት ቀን ጠጥታለች። አየሁ፣ ዝም አልኩ። በሽታዋ ላይ ጭቅጭቅ ልጨምርባት አልፈለግኩም። አሁን ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ ቀጠሮ አላት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብተው ጠጠሩን ያወጡታል፤ ሆዷ አይቀደድም። ከረጢቱ ሌላ ቀን በኦፕሬሽን ይወጣል። ጠጠሩ ሳይወጣ ከቆየ ግን የተዘጋው ቱቦ ሊያመረቅዝ ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላት በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ነይ ብላኛለች ሐኪሟ። ቴርሞሜትሩ ትራሴ ሥር ነው።

አንቺን ትሰማለች። "ሐሞተ ኮስታራዋ" የምትለው አንቺን ነው። ያኔ ጥርሷን እንድታስነቅል ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፍልፈሽ ያሳመንሻት አንቺ ነሽ። ያ አፍሽ ዛሬ ያስፈልገኛል። ስልኳ አልተቀየረም። አስር ሰዓት አካባቢ፣ ከቡና በኋላ ብቻዋን ትሆናለች።

ደግሞ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ስለ ጋሼ ታነሳብሽ ይሆናል። ያኔ መንገዱን ስላልቻለች ለቅሶውን እንድደርስላት እኔን ልካኝ ነበር። ደርሻለሁ አልኳት። ደብቂልኝ አልልሽም። እንደ ወደድሽ አድርጊ፣ ብቻ ከማክሰኞ በፊት ደውይላት።