የደሴው ባሕር ኃይል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ዝምታችን በዛ። ማን ማንን ቀድሞ ዘጋው የሚለውን ስትመጣ ቡና ላይ እንጨቃጨቅበታለን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴም ያው ናት፤ ጭጋጉ ዛሬም ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ውጦታል።

አንድ አዲስ ሱስ ይዞኛል። የባሕር ላይ ውጊያ ጨዋታ፣ በትንንሽ መርከቦች፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ። «አንተ ደግሞ ባሕር የት ታውቅና?» እንደምትል አውቃለሁ። ሐይቅ ዳር አድገን የለ እንዴ!

የትልልቆቹ መርከቦች ጦርነት አይመስጠኝም። ከሩቅ መድፍ መወራወር ነው፣ በቃ። የእኔ በባሕር ዳርቻ፣ በጨለማ የሚደረገው የትንንሽ ጀልባዎች ውጊያ ነው። ሰሞኑን የያዝኩት የምጽዋን ነው። መጋቢት 1933 ማለቂያ ላይ እንግሊዞች ምጽዋን ሊይዙ ሲቃረቡ፣ ማስ 213 የምትባል ያረጀች የጣሊያን ጀልባ ኬፕታውን የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቶርፒዶ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ተስፈንጥሮ መርከብ በሚመታ ፈንጂ፣ መታቻት። አልሰጠመችም፤ ግን ክፉኛ ተጎዳች። ደሴ ራሷ ከጣሊያን እጅ የወጣችው እኮ በዚያው ሰሞን፣ ሚያዝያ ላይ ነው።

ሁለቱንም ከጣውላ ስባሪ ቀረጽኳቸው፣ እውነተኛውን 600 ጊዜ አሳንሼ። ኬፕታውን ስንዝር ሞላች። ጀልባዋ ግን 3 ሴንቲሜትር እንኳን አትሞላም፤ ከሶፋ ሥር ከገባች ፍለጋው ሌላ ዘመቻ ነው።

ጨዋታው ያለው መደበቁ ላይ ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የሚታየው የተደፋ የካርቶን ቁራጭ ብቻ ነው። አንዱ ሥር ጀልባ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ጠላት ቀርቦ እስኪያይ ድረስ አይገለጥም። ሞተሩን ከለቀቅከው ድምፁና ከኋላህ የሚነሳው ነጭ አረፋ ያሳብቁብሃል። ቀስ ካልክ ደግሞ መርከቧ ታመልጥሃለች። ቶርፒዶውም ጊዜ ስለሚፈጅ የሚተኮሰው ወደፊት ትደርሳለች ወደምትለው ቦታ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን አልሰማም ብሎ ሁሌ በሙሉ ፍጥነት ይመጣል፤ እኔም በመድፍ እቀበለዋለሁ። ባለፈው ግን አንዷን ካርቶን በፍጥነት አስሮጣት። ሁሉንም መድፍ ወደ እሷ አዞርኩ። ስትገለጥ ባዶ! እውነተኛዋ በሌላ በኩል፣ ለዳህላክ ደሴቶች ብዬ ካስቀመጥኳቸው ጠጠሮች ሥር ተጠግታ ቆማ ነበር። ዳይሱን ወረወረ፣ ስድስት። ወላሂ ጮኸ፣ ጎረቤት ደንግጦ መጣ። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ በሻማ ስንጫወት ሌላ ነው።

አንተ ዳማ ላይ ፊትህ ምንም አይነበብም ነበር። ለዚህ ጨዋታ የተፈጠርክ ነህ። ለመውሊድ ከመጣህ እንግሊዙን ትይዛለህ፤ እኔ ጀልባዎቹን አልለቅም። ከአዲስ አበባ ግራጫ ቀለም ያዝልኝ፣ ትንሿ ጣሳ ትበቃለች። እዚህ ያገኘሁት የበር ቀለም ነው፤ ኬፕታውን አረንጓዴ ሆና ነው የምትዋጋው።

ወንድምህ፣ ከደሴ